ረቂቅ ያስቀራሁባቸው ዓመታት

አሁን ረቂቅ ጽሑፍ የሚመጣልኝ በቴሌግራም ነው። ጡረታ ወጥቼ ደሴ ከከተምኩ ወዲህም ወጣቶቹ መምህራን አልተዉኝም። «ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት ይቺን ይዩልኝ» ይሉኛል፤ እኔም መነጽሬን ሰክቼ በጽሑፉ ዳር ዳር አስተያየቴን እየጻፍኩ እመልሳለሁ። «እናመሰግናለን ጋሼ» የሚል መልስ ከተጋጠሙ እጆች ሥዕል ጋር ይደርሰኛል። በቃ። ማን እንደገባው፣ ማን እንደተቀየመኝ፣ ማን ጭራሽ ሳያነበው እንዳመሰገነኝ የማውቅበት መንገድ የለም። እኔ ደግሞ ሰው ሲቆጣኝ ፊቱን ማየት እወዳለሁ።

መካነ ሰላም እንዲህ አልነበረም። የሥራ ዘመኔን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፍኩት እዚያ ነው። ጃማ ውስጥ፣ ደጎሎ አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወልጄ፣ ለትምህርት ብዬ ወጥቼ፣ ዕድሜዬን ቆላ ለቆላ ሳስተምር ኖሬ፣ ጸጉሬ ሲሸብት ወደ አገሬ ብርድ ተመለስኩ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ አዲስ ነበር። ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል፣ መብራቱ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ኔትወርክ የሚገኘው በረንዳ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ላነሳ ሰው ነው። የሚላኩልን መምህራን ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ትናንት የጨረሱ ልጆች ናቸው። ያንን መንገድ በሚኒባስ ተንገጫግጨው፣ አቧራ ለብሰው ይወርዱና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ስለ ዝውውር ይጠይቃሉ። ዝውውር እንደማይገኝ ሲረዱ ደግሞ ሁሉም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ «አንድ ጽሑፍ ላሳትምና ለሦስተኛ ዲግሪ እወጣለሁ።» ያንን አንድ ጽሑፍ እያየ የሚያርምላቸው ሰው ያስፈልጋል ተባለና እኔ ተመደብኩ።

ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከኋላዬ «ውርጩ» ይሉኛል። ማታ ለምለም የነበረ ረቂቅ እኔ ዘንድ አድሮ ጠዋት ከስሎ ይገኛል ማለታቸው ነው። ስሰማ አልተቀየምኩም፤ ውስጥ ውስጡን እንዲያውም ደስ ብሎኛል። የማርመው በቀይ እስክሪብቶ ነበር፤ ስናደድ እጄ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ደግሞ ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ይሆናል። ወረቀታቸውን አንገታቸውን ደፍተው ይቀበሉኛል፣ «እሺ ጋሼ» ይላሉ፣ ሲመልሱልኝ ግን ያው ስሕተት ቦታውን ቀይሮ ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

«ጋሼ፣ አውፍ ይበሉኝና ጽሕፈትዎ አይነበብም» ብላ ፊት ለፊት የነገረችኝ አንዲት ልጅ ናት። የግብርና ኢኮኖሚ መምህርት ነበረች፤ እዚያው የወሎ ቦረና ደጋ ላይ ተወልዳ ያደገች። አባቷ እርሻውንም ያርሳሉ፣ ደረሶች ሰብስበውም ቁርኣንና ኪታብ ያስቀራሉ፣ እያስነበቡ ያስተምራሉ። ያረምኩላትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አንዱን ቀይ ጭረት በጣቷ ነካችና «ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ። መነጽሬን አወለቅኩ፣ መልሼ አደረግኩ። እኔም ማንበብ አቃተኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳት በቁጣ።

«እኔ ላንብብልዎ፣ እርስዎ እየሰሙ ያርሙኝ። አባቴ ደረሶቻቸውን እንዲህ ነው የሚያስቀሩት። ደረሳው ያነባል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የሳተ ጊዜ ያስቆሙታል።»

«ያ ኪታብ ነው፤ ይሄ ጥናት ነው።»

«ቢሆንስ? የተጻፈ ነገር አይደለም?»

ረታችኝ፤ ስረታ ደግሞ እሺ ማለት ልማዴ ነው። መብራት ስላልነበረ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የጠዋት ፀሐይ ወደሚያርፍበት ግድግዳ ሄድን። ግንበኞች ትተዋቸው የሄዱ ጥርብ ድንጋዮች አሉ፤ እነሱ ላይ ተቀመጥን። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ክርክሩ አማርኛ። እሷ ታነባለች፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ የማይጥመኝ ቦታ ስትደርስ «ድገሚው» እላለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም። ስትደግመው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱን ራሷ ታገኘዋለች፣ አንዳንዴም ከት ብላ ትስቃለች።

ወሬው ግቢውን አዳረሰው። ሌሎቹም ረቂቃቸውን እየያዙ ወደዚያ ግድግዳ መምጣት ጀመሩ። «ጋሼ ዛሬ ያስቀራሉ?» ይባባላሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከጎጃም የመጣውም ከሐረር የመጣውም ቃሉን ለመደው። እኔም ብዙ ተማርኩ። ሰው የማያምንበትን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ድምፁ ዝቅ ይላል። ያልገባውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ሊያልፈው ይሮጣል። አንዱ ልጅ የጥናቱን ጠቀሜታ የሚዘረዝርበት ክፍል ላይ በደረሰ ቁጥር ሳል ይይዘው ነበር፤ በመጨረሻ ክፍሉን በሙሉ ሰርዞት ሳሉም ለቀቀው። ተሳስቀናል፣ ተቆጣጥተናል፣ ተኳርፈን ታርቀናል። ቀይ እስክሪብቶዬ መሳቢያ ውስጥ ደረቀ። በሕይወቴ ብዙ ቦታ አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ግድግዳ የሚናፍቀኝ ክፍል የለም።

የልጅቱ ጥናት ደጋው ላይ ስለሚገኙ ቤተሰቦች ነበር። ገበሬው የአባት የአያቱን ገብስ እየተወ ወደ ስንዴ እየዞረ ነው፤ መዞሩ በጀው ወይስ አልበጀውም የሚል ነው ጥያቄዋ። ወጣት መረጃ ሰብሳቢዎች አሰልጥና፣ አብራቸው በየቀበሌው እየዞረች፣ በዕጣ የተመረጡትን ቤቶች ጠይቃለች። ውጤቱ ያማረ ሆነ፤ ስንዴ የዘሩት ሰዎች ምርታችን ጥሩ ነው ብለዋል። ወደ ውጭ ጆርናል ላከችው። ገምጋሚዎቹ አመሰገኑላት፣ ጥቂት የቋንቋ ማስተካከያ ብቻ ጠየቋት። ከዚያ ደግሞ ከውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ የሚሆን ቦታ አገኘች። አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ ያ ጽሑፍ መታተሙን የሚያረጋግጥ ወረቀት። ቀነ ገደቡ ቅርብ ነበር። ለዚህ ቦታ ስንት ዓመት እንደለፋች እኔም፣ ግቢውም፣ ሰፈሯም ያውቃል። እናቷ ገና ሳትሄድ ሽኝቷን ያስቡ ነበር።

የመጨረሻውን ቅጂ ለቋንቋው ብቻ ብላ ልታነብልኝ መጣች። ኅዳር ነበር፤ ፀሐዩ ሞቅ ብሎ ዓይኔን ያስከድነኛል። የገበሬውን እርካታ የገለጸችበት የእንግሊዝኛ ቃል ጆሮዬን ቆረቆረኝ። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። አሁንም ቆረቆረኝ።

«ገበሬውን በአማርኛ ምን ብላችሁ ነው የጠየቃችሁት? እስቲ እንዳለ ጠይቂኝ» አልኳት።

አልተናደደችም፤ ልማዴን ታውቃለች። ድምጿን እንደ ጠያቂ ልጅ አለዝባ «ያለፈው ዓመት አዝመራ እንዴት ነበር?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» አልኩ።

ዓይኔን እንደጨፈንኩ ነበር። ቃሉ የወጣው ሳላስበው ነው። እኛ የጃማ ክርስቲያኖችም እንዲህ ነው የምንለው፤ እናቴ በጾም በጸሎት ያረጀች ሴት ነበረች፣ አዝመራ ለሚጠይቃት እንግዳ ግን መልሷ አልሐምዱሊላህ ነው።  ዓይኔን ስገልጥ ልጅቱ ትኩር ብላ እያየችኝ ነው።

«ጋሼ፣ የወንድምዎን ስንዴ አምና ውርጭ መታው ብለውኝ አልነበረም?»

«መታው።»

«የእርስዎም እርሻ እዚያው ውስጥ ነው።»

«አዎ፣ የጋራ ነው። እፍኝ አላገኘንም።»

«ታዲያ ጥሩ ነው አሉኝ እኮ!»

«ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። ምን ልበል?»

ይህን ስል ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። አገራችን ላይ አዝመራ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ሰላምታ ነው። መልሱም ምስጋና ነው። የሰጠንን ሰጥቶናል፤ በእንግዳ ፊት ማማረር በፈጣሪ ላይ ማጉረምረም ነው፣ እንግዳውንም «የምናበላህ የለም» ማለት ነው። ጥያቄውን የጻፈችው እሷ የዚያው ደጋ ልጅ ናት። የጠየቁት ልጆች የዚያው አገር ልጆች ናቸው። የሩቅ ሰው ቢሆን ኖሮ «አልሐምዱሊላህ ማለት ምን ማለት ነው፣ ከመጠይቁ የትኛው ሳጥን ውስጥ ልክተተው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እነሱ ግን ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት ቃል ነውና ሳያንገራግሩ «ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «ሁሉም እኮ እንዲህ ነው የሚጠይቀው» አለች።

«ነው።»

«ገምጋሚዎቹም ተቀብለውታል።»

«ተቀብለዋል።»

«ጋሼ፣ ዝም ቢሉኝስ?»

ቁጣዬ መጣ። የመጣው በእሷ አልነበረም፤ ዝም ብላት ምንኛ እንደሚቀለኝ ስለማውቅ ነው። «ጽሑፉ ያንቺ ነው። ብታሳትሚው አልከለክልሽም፣ ለማንም አልናገርም» አልኳት። «ብቻ ከጽሑፉ የምስጋና ገጽ ላይ ስሜን አውጪልኝ።»

ተነስታ ሄደች፤ ደህና ዋሉም አላለችኝ። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ስንገናኝ በሩቁ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፈኛለች። ሌሎቹ እየመጡ ያነቡልኛል፣ እኔ ግን አልሰማም፤ አንዱን ልጅ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አስደግሜው «ጋሼ አበዱ» ብሎ ሄደ። ቤቴ ገብቼ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ማን ይሞታል? ያልተመዘነ ቃል ስንት ጆርናል ሞልቶት የለም? ልጅቷ ትሂድ፣ ትማር፣ ኋላ ታስተካክለዋለች እላለሁ። ቀጥዬ ደግሞ ጽሑፏን ያነበበ አንድ ሹም «ስንዴው በጅቷቸዋል፣ ግፉበት» ሲል ይታየኛል፤ ውርጭ የበላው የወንድሜ ማሳም ይታየኛል። እንቅልፍ አጣሁ ብዬ አላጋንንም፤ ምግቡ ግን አልጣመኝም።

ቀነ ገደቡ ሊደርስ ሲል ቢሮዬ መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው።

«ለጆርናሉ ጽፌላቸዋለሁ፤ እንዳይታተም ጽሑፉን መልሼ ወስጃለሁ።»

«ቦታውስ?»

«ለሌላ ሰው ይሰጣል። እንግዲህ ኸይር ነው።»

ደስ አለኝ ብል ዋሾ ነኝ።  ልትሄድ ስትዞር «ተቀመጪ» አልኳት፤ ተቀመጠች፣ አለቀሰችም። እኔ የሚያለቅስ ሰው ማባበል አላውቅበትም። «በይ፣ አሁን ጥያቄውን እንሥራ» አልኳት። ዓይኗን በሻሽዋ ጫፍ እየጠረገች ወረቀት አወጣች።

ያን በጋ ከግድግዳው ሥር ስንማከር የነበረው ስለ መልሱ አልነበረም፤ ስለ አጠያየቁ ነበር። አዝመራው እንዴት ነው አይባል። ዘር አስቀርታችሁ ነበር? የዘራችሁት የቤታችሁን ነው ወይስ የገበያ? ሸመታ የወጣችሁት ከየትኛው በዓል በኋላ ነው? እንዲህ ብለው ቢጠይቁት ሰው ይናገራል፤ የሆነውን ማውራት ማማረር አይደለምና። እስክሪብቶና ማኅደር ይዞ በቡድን መግባትም ቀረ። ብቻዋን ሄዳ፣ አመሻሽታ፣ የቤቱን ሰው ሥራ እያገዘች እንድትጠይቅ ተስማማን። ቤቶቹ ያው በዕጣ የተመረጡት ናቸው።

ከዕጣው አንዱ የራሷ የአባቷ ቤት ነበር። ያኔም ሲደርሳቸው ነግራኝ ነበርና ሌላ ልጅ ይጠይቃቸው ብያት ነበር። ልጁ ጠየቀ፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ሰማች፣ አባቷ «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» አሉ፣ ምልክቱ ተደረገ። በሁለተኛው ዙር ግን ሌላ ሰው አልነበረምና ራሷ ሄደች። ስትመለስ ከሚኒባሱ ወርዳ ቤቷ ሳትገባ ወደ እኔ መጣች። ፊቷን ሳይ የታመመ ሰው ያለ መሰለኝ።

ነገሩን እንዲህ ብላ ነገረችኝ። ማታ ደረሶቹ ከተበተኑ በኋላ ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

«አባዬ፣ አምና የዘራችሁትን ዘር ኸዬት አመጣችሁት?» አለቻቸው።

«ኸገበያ ነዋ።»

«የቤቱስ?»

«ስንዴውን ውርጭ ወሰደው። የቀረችውን የዘር ገብስ በላናት።»

«ያኔ ስንጠይቃችሁ ጥሩ ነው አላላችሁም?»

አባቷ ሳቁ አለችኝ። «ያኔማ እንግዳ ይዘሽ መጣሽ። ኸእንግዳ ፊት ምን እላለሁ፣ ልጄ?»

እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ያን ዓመት በየገበያው ቀን በሚመጣ ሰው እጅ ስንቅ ይልኩላት ነበር፤ የገብስ ቆሎ በከረጢት። ደመወዝተኛ ናትና እምቢ ብትልም መላኩን አልተዉም። እሱን አስታውሳ «ለእኔ የምትልኩት ቆሎስ?» አለቻቸው። 

«ኸዚያው ኸዘር ገብሱ ነው» አሏት አባቷ። «ሐላልሽ ነው፣ አብሽሪ።»

ይህን ስትነግረኝ ቢሮዬ ውስጥ ነበርን።  «ጋሼ፣ የእኛን ቤት ከጥናቱ ላውጣው? የራሴ ቤተሰብ ነው» አለችኝ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ማውጣትም፣ መጻፍም ይቻላል።

«ዕጣ ያወጣው ቤት ነው፣ ይቆይ» አልኳት። «ከታች አንድ መስመር ጻፊ፤ ከተጠየቁት ቤቶች አንዱ የአጥኚዋ ቤተሰብ ነው በይ።»

ጽሑፉ እንደ ፊተኛው ያማረ አልሆነም። አብዛኛው ቤት ዘሩን እንደበላ፣ ወደ ስንዴ የዞረውም ወደ ገብሱ ሊመለስ ዘር እንዳጣ የሚናገር ነው። አንድ ጆርናል መለሰው፣ ሌላው ብዙ አስለፍቶ ተቀበለው። ሌላ የትምህርት ቦታም ቆይቶ ተገኘ፤ የፊተኛውን ያህል ስም ያለው አይደለም። አሁን እዚያ ናት። አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ መጀመሪያ ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ ቀጥላ እዚያ ፕሮፌሰሮቹ ረቂቅ ሲነበብላቸው መስማት እንደማይወዱ ታማልኛለች። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ እስቃለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ጭር ይልብኛል።

የታተመው ጽሑፏ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ሠንጠረዡ ላይ ዘራቸውን የበሉ ቤቶች በቁጥር ተቀምጠዋል፤ ለሌላው አንባቢ ቁጥር ነው፣ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። እኔ ግን ያን ዓመት ልጅቱ ልታነብልኝ ስትመጣ ከከረጢቷ ቆሎ ትዘግንልኝ ነበር፤ ስታነብ እየቆረጠምኩ ነበር የማርማት።